ልክ መሆን ሥልጣን አይሆንም

ስለ ሜጀር ሪጅ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ጎራ «ከሃዲ ነው፤ የሕዝቡን መሬት ሸጦ በላ» ይላል። ሁለተኛው «የለም፣ የሚመጣውን ቀድሞ ያየ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ግን ሳይገባው ገደለው» ብሎ ይመልሳል። ይሄ ሁለተኛው ክርክር እንደ እኔ ምሕንድስና ተምሮ፣ ኮድ እየጻፈ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ደስ ብሎ ነው ጆሮው የሚገባው። ሰውየው ሁኔታውን አየ፣ አሰላ፣ ወሰነ፤ ስሌቱም ልክ ወጣ። ታዲያ ምን እንከን ይወጣለታል?

ብዙ ይወጣለታል። የመጀመሪያው ጎራ ሰውየውን ይበድለዋል፤ ሁለተኛው ግን አንድ ሕዝብ በሙሉ ይበድላል። እዚህ የምሞግተው ሁለተኛውን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ሪጅ በ1771 ገደማ፣ ዛሬ ቴነሲ በሚባለው ግዛት፣ ከቼሮኪ ሕዝብ ተወለደ። የቼሮኪ ስሙ «በተራራ አናት ላይ የሚሄድ» እንደማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሳጥረው ሪጅ፣ ማለትም ሸንተረር አሉት። ሜጀር የሚለው የጦር ማዕረግ ነው። በ1814 አንድሪው ጃክሰን በሚመራው ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ከክሪክ ሕዝብ አንደኛው ወገን ጋር ሲዋጋ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሆኖ ቀረ። ጃክሰን የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል። ሪጅ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ በሸንጎ ሲናገር ግን የሚደመጥ ሰው ነው። ዛሬ የጆርጂያዋ ሮም በምትባለው ከተማ አጠገብ ትልቅ ቤት፣ ሱቅ፣ የጀልባ መሻገሪያና ሰፊ እርሻ ነበረው። እርሻውን የሚያርሱለት በባርነት የያዛቸው ጥቁሮች ነበሩ። ስለ ቼሮኪዎች ግፍ ሲወራ እነዚህ ሰዎች ይረሳሉ፤ እኔ ግን እመለስባቸዋለሁ።

ሕዝቡም ጫካ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር ሕዝብ አልነበረም። ሴኮያ የሚባል ሰው በ1821 ለቋንቋው ፊደል ፈጠረለት፤ ልክ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል የሚወክልበት ፊደል። በ1825 ኒው ኢኮታን ዋና ከተማ አደረጉ፤ በ1827 ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ በ1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የሚባል በሁለት ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ አወጡ። የጋዜጣው አዘጋጅ የሪጅ የወንድም ልጅ ኤልያስ ቡዲኖት ነበር። የሪጅ ልጅ ጆን ሪጅ ደግሞ ኮነቲከት ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ሁለቱም እዚያው ነጭ ሚስት በማግባታቸው የከተማው ሰው ተቆጥቶ የቡዲኖትንና የእጮኛውን ምስል እስከማቃጠል ደርሷል። ልጆቹ የነጮቹን ትምህርት ጠንቅቀው ያዙ፤ የነጮቹን ጥላቻም እዚያው በቅርብ አዩት።

አሁን የሪጅን ታሪክ ከባድ የሚያደርገው ነገር ይመጣል። በ1807 ደብልሄድ የሚባል የቼሮኪ መሪ ለአሜሪካ መንግሥት መሬት በመልቀቅ፣ በድብቅም ለራሱ ቁራሽ መሬት በማስጻፍ ተከሰሰ። ጥቂት መሪዎች ይሙት ብለው ወሰኑ፤ ከገዳዮቹ አንዱ ሪጅ ራሱ ነበር። በ1823 ደግሞ ዊልያም ማኪንቶሽ የሚባል የክሪክ መሪ ለቼሮኪ መሪዎች መሬት እንዲለቁ ጉቦ ይዞ መጣ። ጆን ሮስ ደብዳቤውን በሸንጎ አስነበበ፤ ሪጅም ሰውየውን በአደባባይ አወገዘው። ያው ማኪንቶሽ በ1825 ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የክሪኮችን መሬት ፈርሞ ሰጠ፤ የራሱ ሰዎች ገደሉት። ጆን ሪጅ ከዚያ የክሪኮቹ መልእክተኞች ጸሐፊ ሆኖ ዋሽንግተን ሄደ፤ ያ ውልም በ1826 ተሽሮ በሌላ ተተካ። በ1829 የቼሮኪ ምክር ቤት ያለ ብሔሩ ፈቃድ መሬት የሸጠ በሞት ይቀጣል የሚለውን የቆየ ልማድ በጽሑፍ ሕግ አደረገው። ሪጅ ከሕጉ ደጋፊዎች አንዱ ነበር።

ስለዚህ «አላወቀም ነበር» የሚለው መከላከያ ከመነሻው ተዘጋ። ያለ ሥልጣን የሕዝብ መሬት መፈረም ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አገር ከሪጅ በላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ታዲያ ምን ለወጠው? እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጎራ ይሳሳታል። በ1828 ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ሰሞን በቼሮኪ ምድር ወርቅ ተገኘ። የጆርጂያ ግዛት የቼሮኪን ሕግ ሽሬያለሁ፣ የእኔ ሕግ ነው የሚሠራው አለች። በ1830 ኮንግረስ ሕዝቦቹን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የማዛወር ሕግ አወጣ። ቼሮኪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1832 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሳሙኤል ዉስተር በተባለ የታሰረ ሚስዮናዊ ጉዳይ ላይ፣ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ፈረደ። አሸነፉ! ግን ፍርዱን የሚያስፈጽም ጠፋ። ጆን ሪጅ ዋሽንግተን ላይ ጃክሰንን ራሱን አግኝቶ መንግሥት ጦር ልኮ ፍርዱን ያስከብራል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ መልሱ አያስከብርም ነበር። አባትየው ደም ያፈሰሰለት ጄኔራል ማለት ነው እንግዲህ። በዚያው ዓመት ጆርጂያ የቼሮኪን መሬት በሎተሪ ለነጮች ማደል ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ሪጆች ደመደሙ፦ መሬቱ መሄዱ አይቀርም፤ ጥያቄው ሕዝቡ በዋጋ ይሂድ ወይስ በባዶ እጁ ይባረር ነው። ይህ የሌባ ሐሳብ አይደለም። ጥቅም አላገኙም ማለት ግን አይደለም፤ በሎተሪው ዘመን የሌላው ሰው ቤት ሲወሰድ የሪጆች ቤትና እርሻ በጆርጂያ ገዢ ትእዛዝ ለጊዜው ተርፏል። ቢሆንም ሰውየውን ያንቀሳቀሰው ገንዘብ ነው ብሎ መዝጋት ቀላሉን መንገድ መምረጥ ነው።

ለሪጅ የሚሟገቱት ከዚህም የጠነከረ ክርክር አላቸው፤ ሳልሸራርፍ ላስቀምጠው። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ በ1832 መደረግ የነበረበት ምርጫ ሳይደረግ ሥልጣኑ ላይ ቆየ። ምክንያት ነበረው፤ ጆርጂያ የቼሮኪን ስብሰባ ከልክላ ነበር። ቡዲኖት ስለ መዛወር የሚደረገው ክርክር በጋዜጣው ይውጣ ሲል ግን ተከለከለ፤ በ1832 ሥራውን ለቀቀ። ሮስ ራሱም በ1835 ዋሽንግተን ላይ 20 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ሲደራደር ነበር፤ ስለዚህ መሬቱ በምንም ዋጋ አይሸጥም የሚል ሰው አልነበረም። እንግዲህ ክርክር የዘጋ፣ ያልተመረጠ፣ ራሱም በዋጋ የሚደራደር መሪ ለምን ይከበራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የቡዲኖትን ጋዜጣ መዝጋቱ ስሕተት ነበር፤ ሕዝብ የማይሰማውን ክርክር ሊፈርድበት አይችልም። ግን ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው መልስ «እንግዲያው ሪጅ ይፈርም» አይደለም። የበር ጠባቂው ደካማ ስለሆነ በአጥር የዘለለ ሁሉ ባለቤት ይሆናል ወይ?

አሁን የሆነውን እንይ። በኦክቶበር 1835 ሬድ ክሌይ ላይ የተሰበሰበው የብሔሩ ምክር ቤት የ5 ሚሊዮን ዶላሩን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። የአሜሪካ መንግሥት ተደራዳሪ ጆን ሸርመርሆርን ግን ሌላ ስብሰባ ለዲሴምበር ኒው ኢኮታ ላይ ጠራ። በጥሪው ላይም ያልመጣ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል አለ። እኔ በምሠራበት ሙያ ይህችን ዘዴ በደንብ እናውቃታለን፤ «እስከዚህ ቀን ካልመለሱ ተስማምተዋል ማለት ነው» የምትል በትንሽ ጽሑፍ የምትሰፍር መስመር ናት። ያኔ ግን የተጠየቀው አገር ነበር። ከ16,000 በላይ ከሚሆነው ሕዝብ የመጣው ጥቂት መቶ ነው። ሮስ ዋሽንግተን ነበር። የጋዜጣውን ማተሚያ የጆርጂያ ጠባቂዎች ከወራት በፊት ወስደውታል። ዲሴምበር 29 ቀን 1835 በቡዲኖት ቤት 20 ገደማ ሰዎች ፈረሙ፤ ሪጅ ከነዚያ አንዱ ነው። ከሚሲሲፒ ምሥራቅ ያለው የቼሮኪ መሬት በሙሉ ሄደ፤ ሕዝቡ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲለቅ ተጻፈ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በጣም የማከብረው ልጅ፣ ይህን ስነግረው «ታዲያ ትንበያው ልክ ነበር አይደል?» አለኝ። ልክ ነበር። ግን እኛ በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ራሱ ይህን ጥያቄ ይመልሰዋል። አንድ ሰው ሲስተም ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ ሲሰጥ ሲስተሙ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ማን ነህ? ይህን ለማድረግ ተፈቅዶልሃል ወይ? «ሐሳብህ ጎበዝ ሐሳብ ነው ወይ?» የሚል ሦስተኛ ጥያቄ የለም። የሌለውም ጎበዝ ሐሳብ ስለማንወድ አይደለም። ሰው ሁሉ የራሱን ሐሳብ ጎበዝ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። የባንክ ሠራተኛ ገንዘብህን ያለ ፊርማህ አውጥቶ አትራፊ ነገር ላይ ቢያውለው፣ ቢያተርፍም እንኳ፣ ስሙ ሌብነት ነው። አባቶቻችን ይህንን አሳጥረው ተርተውታል፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

ልጁ አላቆመም። «ሕዝቡ ተጠይቆ እንቢ ብሎ ቢያልቅስ?» አለ። መልሴ ይሄ ነው፦ ሪጅ ሌላ መንገድ ነበረው። ከዚያ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ቼሮኪዎች በፈቃዳቸው ወደ ምዕራብ ሄደው ይኖሩ ነበር። ቤተሰቡን፣ የሚከተሉትን ሁሉ ይዞ መሄድ ይችል ነበር፤ በየመንደሩ እየዞረ «አያዋጣም፣ እንሂድ» ብሎ መስበክ ይችል ነበር። በራሱ ስም የሚፈርመው ሁሉ የራሱ ነው። ያልተፈቀደለት በ16,000 ሰው ስም መፈረም ብቻ ነው፤ ያደረገውም ያንኑ ነው።

ያ ፊርማ ደግሞ ነገሩን ለወጠው። ያለ ውል ጃክሰን ሕዝቡን ቢያባርር ዘረፋ ነበር የሚባለው። ምናልባት ይዘርፍ ነበር፤ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ከፊርማው በኋላ ግን ዘረፋው ሽያጭ ተባለ። ዘራፊው ደረሰኝ አገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቼሮኪ መልእክተኞች በሄዱበት ሁሉ ያ ወረቀት ይጠብቃቸው ጀመር።

ወረቀቱን የተቀበሉትም ባለማወቅ አልነበረም። ከ15,000 በላይ ስም የተጻፈበት ተቃውሞ ዋሽንግተን ደርሷል። የአሜሪካ ሴኔት ግን በሜይ 1836 ውሉን በ31 ለ15 አጸደቀው፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር በአንድ ድምፅ ብልጫ ማለት ነው። ከ10 ዓመት በፊት የክሪኮቹን ተመሳሳይ ውል ያው መንግሥት ራሱ ሽሮት ነበር፤ ስለዚህ መሻር እንደሚቻል ያውቃሉ። ከሪጅ ጥፋት በላይ የእነሱ ጥፋት የከፋ ነው፤ ይህን ደባብሶ የሪጅን ሥም ብቻ የሚያነሣ ጸሐፊ ያጭበረብራል። ግን ሥልጣን የሌለው ፊርማ ለሥልጣን ላለው ሌባ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ የሚያሳየው ይሄው ነው።

ሪጅ በ1837 ሄደ፤ በምዕራብ ሃኒ ክሪክ አጠገብ ቤት ሠራ። ብዙኃኑ እምቢ ብሎ ቀረ። በሜይ 1838 ቀነ ገደቡ ሲያልቅ ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት 7,000 ገደማ ወታደር ይዞ መጣ። ሰዎች ከማዕድና ከማሳ እየተለቀሙ በረት በመሰለ ግቢ ታጎሩ፤ ከዚያ በበሽታና በክረምት ውስጥ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተነዱ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 4,000 ሰው ሞተ ይላል። የእንባ መንገድ የሚሉት ይህን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ጥቁር ባሮችም ተጉዘዋል፤ በ1835ቱ ቆጠራ 1,592 ነበሩ። እነሱን ሮስም አልጠየቃቸውም፣ ሪጅም አልጠየቃቸውም፤ ሁለቱም ባሪያ አሳዳሪ ነበሩና። የፈቃድን ነገር ካነሣን እስከ መጨረሻው ማንሣት ነው። የሮስ ወገን በሕዝብ ፈቃድ ሲምል ከሕዝቡ ውጭ ያደረጋቸው ሰዎች ነበሩ።

ጁን 22 ቀን 1839 የሆነው ይታወቃል። ጆን ሪጅን ከአልጋው ጎትተው ቤተሰቡ ፊት በጩቤ ወግተው ገደሉት። ቡዲኖትን መድኃኒት ስጠን ብለው ከሥራው ጠርተው ወስደው ገደሉት። ሽማግሌውን ሪጅ አርካንሶ ውስጥ በፈረስ ሲጓዝ አድፍጠው በጥይት መቱት። የወንድሙ ልጅ ስታንድ ዌይቲ ማስጠንቀቂያ ደርሶት አመለጠ። ብዙ ሰው «በራሱ ሕግ ሞተ» ብሎ ያልፈዋል፤ አባባሉም ያምራል። እኔ አልቀበለውም። ችሎት አልተቀመጠም፤ ክስ አልተነበበም፤ መልስህ ምንድነው ያለው የለም። ጥቂት ሰዎች በድብቅ ተሰብስበው የሕዝቡን ፍርድ እኛ እናውቃለን ብለው በሕዝቡ ስም ገደሉ። ይሄ እኮ ሪጅ ኒው ኢኮታ ላይ ያደረገው ነገር ነው! እሱ በብዕር፣ እነሱ በጩቤ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደም መመላለስ ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ቼሮኪዎች እንደገና ተከፈሉ፤ ዌይቲ የደቡቦቹ ጄኔራል ሆኖ በ1865 ከጄኔራሎቻቸው ሁሉ መጨረሻ እጁን ሰጠ።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል። የኒው ኢኮታ ውል 7ኛ አንቀጽ ቼሮኪዎች በአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ተወካይ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። በ2019 የቼሮኪ ብሔር ኪም ቲሂን ለዚህ ቦታ ሰየመ፤ ውሉ ይከበርልን አለ። «አያችሁ፣ ራሳቸውም ይጠቀሙበታል፤ ሪጅ ተፈረደለት» የሚል ሰው ይኖራል። አልተፈረደለትም። ቤትህን አስገድዶ ሸጦ ከዋጋው ግማሹን ያስቀረብህን ሰው «ቢያንስ የጻፍከውን ክፈል» ማለት ሽያጩን መባረክ አይደለም። ይልቅ ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በ2019 የሰየመው በሕዝብ የተመረጠ መንግሥት ነው። ያው ወረቀት ነው፤ ያነሣው እጅ ግን የተፈቀደለት እጅ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው የ1835ን ክርክር ለመዳኘት ብቻ አይደለም። «ሕዝብ አይገባውም፣ የሚያውቅ ይወስን» የሚለው ቃል በኔ ትውልድ፣ በተለይ በኔ ሙያ፣ እንደ ብስለት እየተቆጠረ ነው። መረጃ አለን፣ ሞዴል አለን፣ ትንበያ አለን፤ ለምን እንጠይቃለን ይባላል። ሪጅም መረጃ ነበረው። ከብዙዎቻችን የበለጠ ብልህ፣ ከብዙዎቻችን የበለጠ ደፋር ነበር፤ ሲፈርምም በነፍሱ እንደሚጫወት ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ምሳሌው የሚከብደው። ደደብና ስግብግብ ሰው ያለ ፈቃድ ሲወስን ሁላችንም እናወግዛለን። ፈተናው የሚመጣው ብልህ፣ ቅን፣ ስሌቱም ልክ የሆነ ሰው ሲመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣ ልንሰማው ይገባል፤ ጋዜጣውን ልንዘጋበት አይገባም፤ ጩቤም ልንመዝበት አይገባም። ተናግሮ፣ አስረድቶ፣ ተሸንፎ ሲያበቃ ግን ብዕሩን ማስቀመጥ አለበት። ሕዝብ የመሳሳት መብቱ ከተወሰደበት የቀረው መብት ሁሉ ሌላ ሰው ሲፈቅድለት ብቻ የሚኖር ነው።